የታፔላውን ሁለቱንም መስመር ሳታነቡ ቡና አትግዙ

በጅቡቲ መስመር ከባድ መኪና ለምታሽከረክሩ ባልደረቦቼና በድሬ ዳዋ በኩል ለምታልፉ መንገደኞች ሁሉ፣ ባለፈው ወር የደረሰብኝ በእናንተም ላይ እንዳይደርስ ይህን ጽፌያለሁ።

ከድሬ ዳዋ ወደ ደወሌ በሚያስወጣው መንገድ ዳር፣ ተሳቢዎች ተደርድረው ከሚያድሩበት አካባቢ፣ 4 ኪሎ የተፈጨ ቡና ገዛሁ። ከመሸጫው በላይ የተሰቀለው ታፔላ በትልልቅ የአማርኛ ፊደል «ንጹሕ የሐረር ቡና» ይላል፤ ከሥሩ በቁቤ የተጻፈ ቀጭን መስመር አለ። በዚህ አገር የመንገድ ምልክቶች ላይ የከተማ ስም በአማርኛና በኦሮምኛ፣ አንዳንዴም በሶማሊኛ ሲጻፍ ሁሉም የሚያመለክቱት ያንኑ ቦታ ስለሆነ፣ እኛ ሾፌሮች የምናውቀውን ፊደል አይተን ማለፍ ለምደናል። የደንገጎን ዳገት ጭነት ይዞ የሚወጣ ሰው ሁለተኛውን መስመር የሚያነብበት ጊዜም የለውም። ያ ልማድ ለመንገድ በቂ ነው፤ በቡናው ግን ገንዘቤን አስበላኝ።

ሻጩ መጀመሪያ አንድ ስኒ ቀዳልኝ። ያ ስኒ ያለ ጥርጥር የሐረር ቡና ነበር። የሐረር ቡና ሳይታጠብ ከነፍሬው በፀሐይ የሚደርቅ በመሆኑ የበሰለ ፍሬ የሚመስል መዓዛ አለው፤ የደወሌን ሐሩር አቋርጦ ለመጣ ሰው ደግሞ ያ መዓዛ ከድካም የሚያነቃ ነው። ዋጋው ከገበያው በኪሎ 100 ብር ስለሚቀንስ፣ የተቀዳልኝና የታሸገው አንድ መሆኑን ሳላጣራ፣ ደረሰኝም ሳልጠይቅ ከፈልሁ።

ቤት ገብቼ ባለቤቴ ስታፈላው ጀበናው ገና ከመሞቁ ገነፈለ። ስኒው ላይ የቀረው አተላ እንደ ሙቅ የወፈረ ነበር፣ ሽታውም የገብስ ቆሎ እንጂ የቡና አልነበረም። ባለቤቴ ከዚያው ቡና አንድ ማንኪያ ቀዝቃዛ ውኃ ባለበት ብርጭቆ ላይ ነሰነሰችበት። ንጹሕ የተፈጨ ቡና ቅባት ስላለው ለጥቂት ጊዜ ይንሳፈፋል፤ የእኛው ግን አብዛኛው ወዲያው ሰምጦ ውኃውን አጠቆረው። ይህን ፈተና ከመክፈላችሁ በፊት እዚያው መሸጫው ላይ አድርጉት፤ ብርጭቆና ውኃ የማይሰጣችሁን ሻጭ ትታችሁ ሂዱ።

በሚቀጥለው ጉዞዬ የሐረርጌ ልጅ የሆነውን ረዳቴን ይዤ ተመለስሁ። ታፔላውን ቀና ብሎ አየና «ጋሼ፣ የታችኛው እኮ ቡነ መካ ነው የሚለው፤ ቅይጥ ቡና ማለት ነው» አለኝ። ሻጩም አላፈረም፤ «ጽፈናል፣ አንብባችሁ ነው የገዛችሁት» ሲል መለሰልን። አማርኛው ንጹሕ፣ ኦሮምኛው ቅይጥ የሚልበት ታፔላ የተጻፈው ግን ሰው እንዲያነበው ሳይሆን በኋላ መከራከሪያ እንዲሆን ነው ብዬ አምናለሁ። የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ሸማቹ ስለሚገዛው ዕቃ ጥራትና ዓይነት በቂና ትክክለኛ መረጃ የማግኘት መብት ሰጥቶታል። እኔ ደረሰኝ ስላልያዝሁ ግዢውን ማስረዳት አልቻልሁም፤ እናንተ ግን ደረሰኝ ሳትቀበሉ አትክፈሉ፣ ታፔላውንም ከነሁለቱ መስመሩ በስልካችሁ ፎቶ አንሡት። ቁቤ የማታነቡ ከሆነ ከረዳቶቻችሁ አንዱ ያነብላችኋል።

አሁን ቡና የምገዛው ከቀፊራ ገበያ ጥሬውን ነው፤ ባለቤቴ ቤት ትቆላዋለች። ታፔላው ትናንት ማታ ሳልፍ እንደተሰቀለ ነበር፤ ከሥሩም ሁለት ሾፌሮች ስኒ ይዘው ተቀምጠዋል።