የናሳ የቮዬጀር ገጽ፦ ከቡሬ ዘበኛ የተሰጠ አስተያየት

የካቲት ውስጥ ነው፣ ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ገደማ። ቡሬ፣ የእህል መጋዘን በር ላይ ጋቢዬን ተከናንቤ ስልኬን አያለሁ። ቁጥሩ ወደ ኋላ መሄድ ያዘ! ቮዬጀር 1 የምትባለው የጠፈር መንኮራኩር ከምድር ምን ያህል እንደራቀች በናሳ ገጽ ላይ በየሰከንዱ የሚቆጥረው ቁጥር ማለቴ ነው። ሲጨምር የከረመው አሁን ይቀንሳል። ተበላሸ ብዬ ዘጋሁት። መልሼ ከፈትኩት። ያው ነው። ይቺ ነገር ወደ ቤቷ ልትመለስ ነው እንዴ?

አልተበላሸም። መንኮራኩሯ በሰከንድ 17 ኪሎ ሜትር ትርቃለች። ምድር ደግሞ ፀሐይን ስትዞር በሰከንድ 30 ኪሎ ሜትር ትሮጣለች። በዓመት ውስጥ ለጥቂት ወራት ሩጫችን ወደ እሷ አቅጣጫ ስለሚሆን ርቀቱ ያጥራል፣ ከዚያ ተመልሶ ይረዝማል። ከፀሐይ ያላት ርቀት ግን እዚያው ተጽፏል፤ እሱ ሁሌም እንደጨመረ ነው። ይህ ሲገባኝ ብቻዬን ሳቅሁ። ውሻው ቀና ብሎ አየኝ።

የተወነጨፈችው ነሐሴ 30 ቀን 1969 ዓ.ም ነው፤ ለዘመን መለወጫ ጳጉሜን ብቻ ስትቀር። ሰው ተሳፍሮባት አያውቅም። ቤቱን የሚጠብቀው ኮምፒውተሩ ነው። እንደ ዘንድሮው ሰው ሠራሽ አስተውሎት እንዳይመስላችሁ። ኮምፒውተሮቿ ሁሉ ተደምረው የሚይዙት 70 ኪሎባይት ገደማ ነው፤ በቴሌግራም የምትልኩልኝ አንድ ፎቶ እንኳ አይገባበትም። ግን ትእዛዝ ልኮ መልስ ለመስማት ሁለት ቀን ገደማ ይፈጃል። ስለዚህ ችግር ሲመጣ ማንንም ሳይጠይቅ ራሱ ይወስናል።

ጥቅምት 2017 ዓ.ም ላይ ከምድር አንድ ማሞቂያ አብራ ተባለ። ምኑ እንዳላማረው እንጃ፣ መጀመሪያ መረጃ የሚልክበትን ፍጥነት ቀነሰ። ቀጥሎ ዋናውን ማሰራጫ አጠፋና ከ40 ዓመት በላይ ያልተነካውን ደካማውን አበራ። መሐንዲሶቹ ድምፁ ጠፍቶባቸው በስንት ፍለጋ አገኙት። እኔ ባትሪዬ አምስት ፐርሰንት ሲደርስ የማደርገው ነገር ነው።

ይህን አብረውኝ ለሚያድሩት ሽማግሌ ነገርኳቸው።

“ተቀያሪ የለውም?” አሉኝ።

“የለውም አባባ።”

“በምን ይኖራል ታዲያ?”

“በፕሉቶኒየም ሙቀት ነው። ኃይሉ በየዓመቱ 4 ዋት ያህል ይቀንስበታል።”

“በየዓመቱ የሚቀነስ ደሞዝ! የኛው ቢጤ ነው በለኛ።”

ከገጹ በጣም የወደድኩት ርቀቱን አይደለም። የትኛው መሣሪያ እንደሚሠራ፣ የትኛው እንደጠፋ የሚያሳይ ሰንጠረዥ አለ። ልክ ጠዋት ተረኛ ሲቀየር እንደምንፈርምበት የርክክብ መዝገብ ነው። ኃይል ለመቆጠብ አንዱን ያጠፋሉ፣ ሌላውን ያቆያሉ። ስለ ብቸኛ መርከብ የሚያስለቅስ ታሪክ ከምትሰሙ ይህን ሰንጠረዥ አንብቡ።

መንኮራኩሯን በሥዕል እያዞረ የሚያሳየውም አሪፍ ነው፤ የኔ አሮጌ ስልክ ግን እንደ ምጣድ ይግላል፣ ዳታም ይጨርሳል። እኔ ቁጥሩን ብቻ ነው የምከፍት። ክፍያ የለውም።

አማርኛ የለውም፣ ያ ቅር ይላል። ለነገሩ መንኮራኩሯ በተሸከመችው የወርቅ ሸክላ ላይም በ55 ቋንቋ ሰላምታ ሲቀረጽ አማርኛ አልገባም። ሶቶ አለ፣ ሉጋንዳ አለ፣ ተናጋሪው ካለቀ ሺህ ዓመታት ያለፈው ሱመርኛ ሳይቀር አለ። እኛን ማን ረሳን?

ከአምስት ኮከብ አራት ሰጥቻለሁ። ሽማግሌው አሁን ሲመጡ ገና ዱላቸውን ሳያስቀምጡ “ዛሬስ ጨመረ ቀነሰ?” ይሉኛል፣ ልክ እንደ በቆሎ ዋጋ።