አጫዋች ሮቦት ለመርሳት ችግር፦ ድመቷ፣ ፓሮ ወይስ አይቦ? መጀመሪያ ክፍሉን እዩ

እናቱን ወይም አባቱን የመርሳት ችግር የያዘበት ወዳጅ ሁሉ የሚጠይቀኝ አንድ ነገር ነው፦ «የትኛውን ሮቦት ልግዛ?» እኔ ደግሞ መልሼ ስለ ክፍሉ እጠይቃለሁ። ቀኑን የት ተቀምጠው ይውላሉ? ሲሄዱ ምርኩዝ ይይዛሉ? ቴሌቪዥኑ ሲጮኽ ይውላል? ባትሪ ሲያልቅ ማን ይቀይራል? ሮቦቱ እቅፍ ውስጥ መዋሉም ሆነ ቁም ሳጥን ውስጥ መቅረቱ የሚወሰነው በዚህ ነው።

ምርጫዬን ከወዲሁ ልናገር፦ ለመኖሪያ ቤት የጆይ ፎር ኦል ድመት፣ ማለትም በባትሪ የምትሠራ የድመት ሮቦት። የአሻንጉሊት ኩባንያው ሃስብሮ እ.ኤ.አ. በ2015 ሲያወጣት ዋጋዋ 100 ዶላር ነበር፤ በ2018 ሥራው ኤጅለስ ኢኖቬሽን ወደሚባል ኩባንያ ዞሯል። የጃፓኑ ፓሮ፣ ያ ነጭ የባሕር አቆስጣ ግልገል የሚመስለው፣ 6,000 ዶላር አካባቢ ነው። የሶኒ አይቦ ውሻ በ2018 አሜሪካ ሲገባ 2,899 ዶላር ተጠይቆበታል። በድመቷ የመጀመሪያ ዋጋ በአንድ ፓሮ ገንዘብ ወደ ስልሳ ድመት ይገዛ ነበር ማለት ነው፤ ስለዚህ ፓሮ ስልሳ እጥፍ ይጠቅማል ወይ ብሎ መጠየቅ ተገቢ ነው።

በ2017 የወጣ የአውስትራሊያ ጥናት ለዚህ ጥሩ ፍንጭ ይሰጣል። በ28 የእንክብካቤ ተቋማት የሚኖሩ 415 አረጋውያን ተሳትፈውበታል፤ ለአንዳንዶቹ የሚንቀሳቀስ ፓሮ፣ ለሌሎቹ ሮቦታዊ ሥራው የጠፋ ያው ፓሮ ተሰጣቸው፤ የቀሩት በተለመደው እንክብካቤ ቀጠሉ። የሚንቀሳቀሰውን የያዙት ከጠፋው ይልቅ የበለጠ አነጋግረውታል፣ አተኩረውም አይተውታል። የመረበሽ ሁኔታቸው በመጠይቅ ሲለካ ግን በሦስቱ ቡድኖች መካከል ልዩነት አልታየም። ፓሮ መጥፎ ነው እያልኩ አይደለም። ከ2009 ጀምሮ አሜሪካ ውስጥ እንደ ሕክምና መሣሪያ የሚታወቅ፣ በጥንቃቄ የተሠራ ዕቃ ነው። ብዙ ሰው በየተራ የሚያቅፈው ተቋም ውስጥ፣ ጸጉሩን የሚያጸዳ ሠራተኛ ካለ፣ ዋጋው ለብዙዎች ይከፋፈላል። ለአንድ ሰው፣ በአንድ ወንበር ላይ ከሆነ ግን አይመከርም። ሲበላሽም ሰፈር ውስጥ የሚከፍተው ባለሙያ አይገኝም።

አይቦን ለመርሳት ችግር አልመክርም። ወለል ላይ ይንሸራሸራል፤ እግራቸውን እየጎተቱ ለሚሄዱ ሰው ደግሞ ወለል ላይ የሚንቀሳቀስ ነገር መውደቂያ ነው። ዋይፋይ ይፈልጋል፤ ከሦስት ዓመት በኋላም የአገልግሎት ክፍያው እንደገና ይጀምራል። ካሜራም አለው፤ የትናንቱን ፈቃዳቸውን ዛሬ ለማያስታውሱ ሰው መኝታ ክፍል ውስጥ ካሜራ መልቀቅ ከባድ ነገር ነው። ከሁሉ የሚያስፈራኝ ግን ከሩቅ ባለ ሰርቨር፣ ማለትም በኢንተርኔት በሚያገናኘው የኩባንያው ኮምፒውተር ላይ መንጠልጠሉ ነው። 899 ዶላር የተሸጠው ጂቦ የተባለ የቤት ሮቦት በ2019 ሰርቨሩ እንደሚዘጋ ለባለቤቶቹ በራሱ አንደበት ነግሮ ተሰናብቷቸዋል። ሶኒም የቀድሞዎቹን አይቦዎች መጠገን በ2014 አቁሞ፣ የተበላሹት ጃፓን ውስጥ በቡድሃ ቤተ መቅደስ የስንብት ጸሎት ተደርጎላቸዋል። የለመዱት ጓደኛ ድንገት ዝም ሲል፣ የመርሳት ችግር ላለበት ሰው «ኩባንያው ተዘግቷል» ተብሎ ይገለጻል?

ድመቷ ኢንተርኔት አታውቅም። አራት ሲ የሚባሉ የባትሪ ድንጋዮች ናቸው ነፍሷ። ረጅም ጊዜ የማትነካ ከሆነ ድንጋዮቹን አውጡላት፤ ፈሳሻቸው ከወጣ ማገናኛውን ይበላዋል፤ ብዙዎች «ሞተች» ብለው የሚጥሏት በዚህ ነው። ማገናኛው በኮምጣጤ በረጠበ ጥጥ ተጠርጎ በደንብ ሲደርቅ ብዙ ጊዜ ትነሳለች።

አሁን ድመቷን አስመስለው ወደሚሠሩት ቅጂዎች። በግማሽ ዋጋ የሚሸጡትን ሳይ የሚያናድደኝ ዋጋቸው አይደለም፤ አደጋቸው ነው። አንድ ዘመዴ ያመጣት ቅጂ ዓይኗ በማጣበቂያ ብቻ የተለጠፈ ነበር፤ በጣት ሲጎተት ተነቀለ። የባትሪ ክዳኗም ብሎን የለውም፤ ውስጧ ያሉት እንደ ቁልፍ ጠፍጣፋ የሆኑ ትንንሽ ባትሪዎች ናቸው። እንዲህ ያለ ባትሪ ከተዋጠ በሁለት ሰዓት ውስጥ ጉሮሮ ሊያቃጥል ይችላል፤ ያገኙትን ወደ አፍ የሚያስገቡ ታማሚዎች ደግሞ ብዙ ናቸው። ዓይንና አፍንጫዋን ሳትጎትቱ፣ ክዳኗን ሳታዩ ገንዘብ አትክፈሉ።

ከ6,000 ዶላሩ የተረፈውን ለክፍሉ አውሉት። ክንድ ማሳረፊያ ያለው ጠንካራ ወንበር፣ ጥላ የማይጥል ብርሃን፣ አንድ ቀለም ያለው ወለል። ጥቁር ምንጣፍ ለአንዳንዶቹ ጉድጓድ ይመስላቸዋል፤ የሚያብረቀርቅ ወለል ውሃ። ነጭ ድመት ነጭ አልጋ ልብስ ላይ አትታያቸውም፤ ብርቱካናማዋን ግዙ ወይም ጉልበታቸው ላይ ጠቆር ያለ ጨርቅ ዘርጉ። ቴሌቪዥኑ ካልተዘጋ ደግሞ የድመቷ ማንኮራፋት አይሰማቸውም።

ድመቷን የማልመክርላቸው ሰዎችም አሉ። ዕድሜ ልካቸውን ድመት ሲፈሩ የኖሩ፣ ወይም «ሳትበላ አደረች» ብለው እንቅልፍ የሚያጡ። እንዲህ የሚጨነቁ ሰው ካሉ ምግባቸውን እየደበቁ ሊያበሏት ይሞክራሉና፣ ከመግዛታችሁ በፊት ካለው ሰው ተውሳችሁ ጥቂት ቀን አብራቸው ትዋል። ጭንቀታቸው ካልቀነሰ መልሷት።