ለጥላ ቦታ የሚሆን ፈርን በጅማ፦ የአንድ ችግኝ መሸጫ ግምገማ

ከአዌቱ ወንዝ ብዙም በማይርቅ መንገድ ዳር ያለው ይህ የችግኝ መሸጫ ይበልጥ የሚታወቀው በጽጌረዳው ቢሆንም፣ እኔ ሰው ገብቶ እንዲያይ የምፈልገው ከግቢው ጀርባ በትልቅ የሰሳ ዛፍ ሥር የተደረደሩትን ፈርኖች፣ ማለትም አበባ ሳያወጡ ለቅጠላቸው ውበት የሚተከሉትን ተክሎች ነው። በከተማችን አብዛኞቹ ሻጮች ፈርንን ከአበቦች ጋር ፀሐይ ላይ ስለሚያሰልፉት፣ ተክሉ ገዢው እጅ ሲገባ የቅጠሉ ጫፍ ተቃጥሎ ይገኛል። እዚህ ግን ቡና አብቃዮች ለጥላ የሚመርጡት ዛፍ ብርሃኑን እያጣራ ስለሚያሳልፍ ተክሎቹ ከመጀመሪያው የለመዱት ለስላሳ ብርሃን ነው፤ ፈርን የሚፈልገውም ይህንኑ እንጂ ድፍን ጨለማ አይደለም።

ከሁሉ በላይ የማመሰግነው አፈሩን ነው። የጅማ ቀይ አፈር ብቻውን ማሰሮ ውስጥ ሲገባ ውኃ በጠጣ ቁጥር ይጠቀጠቃል፤ ቀጭን የሆነው የፈርን ሥር ደግሞ አየር ካላገኘ ይበሰብሳል። የመሸጫው ባለቤት ቀዩን አፈር ከአሸዋ፣ ከበሰበሰ ቅጠልና በደንብ ከብላላ የቡና ገለባ ጋር ይቀላቅላሉ፤ ገለባው ሳይብላላ እንዳይገባ ለገዢው ሁሉ አጥብቀው ይናገራሉ፣ ትክክልም ናቸው። ቦስተን ፈርን የሚባለው ኔፍሮሌፒስ በዚህ ድብልቅ ውስጥ እጅግ አምሮበታል። በአፈሩ ላይ እየተዘረጋ አዲስ ቡቃያ የሚያወጣ ቀጭን ግንድ ስላለው አንዱን ገዝቶ በክረምት መግቢያ ከፋፍሎ መትከል ይቻላል። ለጀማሪ የምመክረውም ይህንኑ ነው።

አዲያንተም በሚባለው ፈርን ላይ ግን የሚሰጠው ምክር በቂ አይደለም። ጥቁር እንደ ክር የቀጠነ አገዳና ስስ ቅጠል ያለው ይህ ዝርያ አፈሩ አንድ ጊዜ ፈጽሞ ከደረቀ ቅጠሉ ይጨማደዳል፤ ሻጮቹ ግን ለሁሉም ፈርን አንድ ዓይነት የማጠጫ ቀን ይናገራሉ። በዓመት ወደ 1,500 ሚሊ ሜትር ዝናብ የሚያገኘው ጅማም ቢሆን ከኅዳር እስከ የካቲት ባለው ጊዜ አየሩ ስለሚደርቅ፣ ቀን ከመቁጠር ይልቅ በየማለዳው አፈሩን በጣት ነክቶ ማየት ያስፈልጋል። የደረቀውን ተክልም ለመጣል አለመቸኮል ነው፤ ቅጠሉን ከሥሩ ቆርጦ አፈሩን እርጥብ ካደረጉት ብዙ ጊዜ እንደገና ያቆጠቁጣል። በአንጻሩ ከቅጠሉ ጀርባ ተደርድረው የሚታዩትን ቡናማ ነጠብጣቦች በሽታ መስሏቸው ለሚደነግጡ ገዢዎች፣ ፈርን አበባና ዘር ስለሌለው የሚራባበት ስፖር የሚባል ደቃቅ ብናኝ የሚወጣው ከዚያ መሆኑን ሠራተኞቹ በትዕግሥት ሲያስረዱ ሰምቻለሁ፤ ይህ ሊመሰገን ይገባዋል።

አጥብቄ የምቃወመው አንድ ነገር አለ። በግቢው ጥግ ግንድ ያወጡ ትልልቅ የዛፍ ፈርኖች ለሽያጭ ቆመው ነበር፤ ከየት እንደመጡ ስጠይቅም ከጫካ ተነቅለው እንደሆነ ተነገረኝ። በደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ እርጥብ ደኖች በወንዝ ዳር የሚበቅለው ይህ ሳያቲያ የሚባል ወገን በጣም ቀስ ብሎ የሚያድግና ከአገር አገር ንግዱ በዓለም አቀፍ ስምምነት ቁጥጥር የሚደረግበት ተክል ነው። ትልቁ ሲነቀል ሥሩ ስለሚጎዳ በደረቅ ግቢ የመጽደቅ ዕድሉ ጠባብ ነው፤ ደኑም ያጣዋል፣ ገዢውም አያተርፍም። ባለቤቱ በግቢያቸው ያባዙትን ብቻ ቢሸጡ ሥራቸው ይበልጥ ይከበራል።

ዋጋው ተመጣጣኝ ነው፤ ትንሹ የኔፍሮሌፒስ ማሰሮ ከአንድ ኪሎ ጥሬ ቡና ያነሰ ያስወጣል። ለመግዛት የሚሻለው ሰኔ ነው፤ ተክሉ ሥር የሚሰድበት ሙሉ ክረምት ያገኛል። በባጃጅ የሚወስድ ሰው ቅጠሉን በጋዜጣ ይጠቅልለው፣ የመንገዱ ነፋስ በአጭር ጊዜ ያደርቀዋልና።