የዘገየ ኮምፒውተርን ለማፍጠን ፍላሽ፣ ኤስኤስዲ ወይስ ተጨማሪ ራም?

ማይክሮሶፍት እ.ኤ.አ. በ2007 ዊንዶውስ ቪስታን ለገበያ ሲያቀርብ «ሬዲቡስት» የተባለ አሠራር አብሮ አስተዋወቀ። ተጠቃሚው የዩኤስቢ ፍላሽ ሲሰካ ኮምፒውተሩ ደጋግሞ የሚፈልጋቸውን መረጃዎች ቅጂ በፍላሹ ላይ ያስቀምጥና ከሃርድ ዲስኩ ይልቅ ከዚያ ያነባል። ሐሳቡ መሠረት ነበረው፤ ሃርድ ዲስክ በሚሽከረከር ሳህኑ ላይ የተበታተኑ ትናንሽ መረጃዎችን ለማግኘት ለእያንዳንዱ 10 ሚሊሰከንድ ገደማ ሲፈጅበት፣ ተንቀሳቃሽ አካል የሌለው ፍላሽ ግን በጣም ባነሰ ጊዜ ይደርስባቸዋል። ትልልቅ ፋይሎችን በተከታታይ በማንበብ ግን ሃርድ ዲስኩ ራሱ የዩኤስቢ 2.0 ፍላሽን ይበልጠዋል።

ስለዚህ የፍላሹ ጥቅም ጎልቶ የሚታየው ራሙ (ኮምፒውተሩ ሥራ ላይ ያሉ መረጃዎችን ለጊዜው የሚይዝበት ሜሞሪ) 512 ሜጋባይት ወይም 1 ጊጋባይት ብቻ በመሆኑ ከዲስኩ ደጋግሞ ለማንበብ በሚገደድ አሮጌ ማሽን ላይ ነው። ራሙ 4 ጊጋባይት ከደረሰ ልዩነቱ እምብዛም አይታወቅም፤ ዊንዶውስ የተጫነበት ዲስክ ፈጣን ኤስኤስዲ (የሚሽከረከር አካል የሌለው የመረጃ ማከማቻ) ከሆነ ደግሞ ሲስተሙ ሬዲቡስትን ራሱ ይዘጋዋል። ብዙ ገዢዎች ፍላሽ መሰካት ራም እንደ መጨመር ይመስላቸዋል፤ ፍላሹ ግን የሃርድ ዲስኩ መሸጎጫ ከመሆን አያልፍም።

ኤስኤስዲም የሚሠራው ከፍላሽ ሜሞሪ ነው። ነገር ግን በርካታ ቺፖችን በአንድ ጊዜ የሚያሠራ መቆጣጠሪያ ስላለውና ሃርድ ዲስኩን ሙሉ በሙሉ ስለሚተካ፣ ሳታ በተባለው የተለመደ የዲስክ ማገናኛ የሚገናኘው ዓይነት በሰከንድ እስከ 550 ሜጋባይት ድረስ ያነባል። ኤንቪኤምኢ የሚባለው ፈጣኑ ዓይነት ከ3,000 ሜጋባይት በላይ ሊደርስ ቢችልም፣ ኮምፒውተሩን ለጽሑፍ ሥራና ለኢንተርኔት የሚጠቀም ሰው በሁለቱ መካከል ያለውን ልዩነት ብዙም አይሰማውም፤ በመሆኑም ላፕቶፑ ሳታ ብቻ የሚቀበል ከሆነ ገዢው የቀረበት ነገር አለ ብሎ ሊቆጭ አይገባም። ኤም.2 የሚባል የኤስኤስዲ ማስገቢያ ላለው ላፕቶፕ ግን ከመግዛት በፊት ማስገቢያው የትኛውን ዓይነት እንደሚቀበል ማረጋገጥ ግድ ነው፤ ቅርጹ ቢመሳሰልም ሳታን ብቻ የሚቀበሉ አሉና።

ራም መጨመር የሚያዋጣው በታስክ ማናጀር (የኮምፒውተሩን የሜሞሪ አጠቃቀም በሚያሳየው የዊንዶውስ ፕሮግራም) ሲታይ ሜሞሪው በዕለት ተዕለት ሥራ ሊሞላ የተቃረበ ከሆነ ነው። ዲዲአር3 እና ዲዲአር4 የተባሉት የራም ዓይነቶች እንደማይተካኩና በአንዳንድ ቀጫጭን ላፕቶፖች ራሙ ከቦርዱ ጋር የተበየደ በመሆኑ መጨመር እንደማይቻል መታወቅ አለበት።

4 ጊጋባይት ራምና ሃርድ ዲስክ ያለው ላፕቶፕ ይዞ በጀቱ አንዱን ብቻ ለሚፈቅድለት ሰው፣ ቅድሚያውን ለ256 ጊጋባይት የሳታ ኤስኤስዲ እንዲሰጥ አጥብቄ እመክራለሁ። የተነሣውም ሃርድ ዲስክ ጤናማ ከሆነ በዩኤስቢ መያዣ ውስጥ ገብቶ ለፋይሎች ቅጂ ማስቀመጫ ያገለግላል።