ቀስ ብሎ ለሚወርድ ሽንት ቤት፦ ጎማ ወይስ አሲድ?

ደብረ ማርቆስም ሆነ ፍኖተ ሰላም፣ ሽንት ቤቱ ውሃ አላወርድ ሲል አሲድ ልግዛ የሚል ሰው አይጠፋም። እኔ ግን መጀመሪያ እጀታ ያለውን ጎማ እመርጣለሁ። ጎማው ውሃ ውስጥ ጠልቆ ቀዳዳውን ግጥም አድርጎ መክደን አለበት፤ ከዚያ ሳያነሱ ደጋግሞ መግፋትና መሳብ ነው፣ የተወተፈውን የሚያላቅቀው መሳቡም ጭምር ነውና። ወረቀት ከሆነ ብዙ ጊዜ ይለቃል። አሲድ የሚጠቅመው ውሃው ለሚተወው ነጭ ቅርፊት ነው፤ ለጨርቅና ለሞዴስ አይረዳም። ቆዳም ያቃጥላል። እባካችሁ ከበረኪና ጋር እንዳትቀላቅሉት፣ የሚወጣው የክሎሪን ጋዝ ሳንባ ይጎዳል! አሲድ የፈሰሰበትንም በጎማ አትምቱት፣ ፊት ላይ ይረጫል። ውሃ በፈረቃ ለሚመጣበት ሰፈርም ጎማው ይሻላል፤ አሲዱን በብዙ ውሃ ማጠብ ግድ ነው።