ላሜራ በሚዛን የሚገዙት በያጅ

ምስጋና ሳይውል ሳያድር ነው ብዬ ነው የምጽፈው። አዳማ ውስጥ ትንሽ ዳቦ ቤት አለኝ። ምድጃው በናፍጣ ነው የሚሠራው። ግቢ ውስጥ የተጋደመችው ባለ 5,000 ሊትር ታንከር ክረምት ላይ ሆዷ ማላብ ጀመረ። ቀስ በቀስ ማላቡ ወደ ጠብታ ተቀየረ።

መጀመሪያ አንድ ልጅ ጠራሁ። ከየት እንዳመጣው ያልጠየቅኩትን ቁራጭ ብረት ከላይ ለጠፈበት፣ ቀለም ቀባና ሄደ። ሦስት ወር አልቆየም። ርካሽ ብዬ የጠራሁት እኔ ነኝና ብዙ አላማርርም።

ከዚያ ጎረቤቴ ጋሼ የምላቸውን በያጅ ጠቆመኝ። ሳላስፈቅዳቸው ስማቸውን እዚህ አልጽፍም። ሲመጡ የያዙት መዶሻ፣ ጠመኔና የውፍረት መለኪያ ካሊፐር ብቻ ነበር። ታንከሯን ከዳር እስከ ዳር እያንኳኩ አዳመጡ። ጤነኛው ብረት ይጮሃል፣ የተበላው ድምፁ ይታፈናል። የተበላውን በጠመኔ ከበቡት። እኔ መዳፍ የምታህል ቀዳዳ ስጠብቅ ትሪ አከለ! «ልጄ፣ የበሰበሰ ጨርቅ ላይ መርፌ አይያዝም» አሉኝ። ውሃ ከናፍጣ ስለሚከብድ ከታች ተኝቶ ብረቱን ከውስጥ ይበላዋል አሉ።

ታንከሯ ተሟጠጠች፣ በሙቅ ውሃና በሳሙና ታጠበች፣ ቀኑን ሙሉ በቬንትሌተር ተናፈሰች። ባዶ ታንከር ውስጥ የቀረ ትነት ሰው ይገድላል ብለው ከዚያ በፊት ብልጭታ የሚባል ነገር አላስነሱም። ቆርጠው ሲያወጡ ጤነኛው ጠርዝ 5 ሚሊ ሆኖ ተገኘ።

አብረን ብረታ ብረት ሱቅ ሄድን። ባለሱቁ «ጋልቫናይዝድ ውሰዱ፣ አይዝግም» አለን፤ ዚንክ የተለበጠውን ላሜራ ማለቱ ነው። እኔ በልቤ ተስማምቼ ነበር። ጋሼ እምቢ አሉ። ዚንኩ ከናፍጣ ጋር ሲቆይ ሳሙና መሰል ዝቃጭ ያወጣል፣ እሱ ደግሞ ፊልትሩንና ናፍጣውን ምድጃ ውስጥ የሚረጨውን ኖዝል ይደፍናል። ሲበየድም ጭሱ ያሳምማል፣ ብየዳውም ወንፊት ይሆናል። ስቴንለስስ? አልኩ ሀብታም መስዬ። ከታች ውሃ ባለበት ከተራ ብረት ጋር ከተገናኘ ተራውን ብረት ቶሎ ያስበላዋል አሉኝ። የሚያስፈልገን እንደ ታንከሯ ያለ ተራ ጥቁር ላሜራ ነው፣ ባለ 5 ሚሊ ውፍረት። ባለ 3 ቶሎ ያልቃል። ባለ 8 የታንከሯን ጉብታ እሺ ብሎ አይከተልም።

ሰውየውን ያደነቅኩት ግን ከዚህ በኋላ ነው። «ባለ 5» ተብሎ አንድ በሁለት ሜትር ላሜራ ወጣልን። «ሚዛን ላይ አውጡት» አሉ። ባለሱቁ ተነጫነጨ። 63 ኪሎ። ጋሼ ሳቅ አሉና እስክርቢቶ አወጡ። አንድ ካሬ ሜትር ብረት በእያንዳንዱ ሚሊ ውፍረት 7.85 ኪሎ ይመዝናል። ባለ 5 ቢሆን 78 ኪሎ ተኩል ይመጣ ነበር። 63 ኪሎ ማለት ባለ 4 ነው። ባለሱቁ «ተቀላቅሎ ነው» ብሎ ሌላ አወጣ። እሱ 78 መዘነ። ሂሳቡን የጻፉበትን ወረቀት እስካሁን ካዝናዬ ውስጥ አስቀምጬዋለሁ።

ብየዳው ራሱ ግማሽ ቀን አልፈጀም። ላሜራውን በሮል ማሽን አጎበጡት፣ አራቱንም ማዕዘን ክብ አደረጉት። ሹል ማዕዘን ላይ ስንጥቅ ይጀምራል ይላሉ። ሲጨርሱ ውጪውን ኖራ ቀቡ፣ ከውስጥ ነጭ ጋዝ። ቀዳዳ ቢኖር ጋዙ ሰርጎ ኖራው ላይ ይታያል። እኔ ጎንበስ ብዬ ሳፈጥ አንድ ሰዓት ቆየሁ። ኖራው ነጭ እንደሆነ ቀረ።

ዋጋቸው ከቀድሞው ልጅ ይበልጣል፣ አልዋሽም። ቀጠሮም ላይ ትንሽ ይዘገያሉ። ታንከር ወይም የውሃ ማጠራቀሚያ የሚያሳድስ ካለ በውስጥ ጻፉልኝ፣ እሳቸውን ጠይቄ ስልካቸውን እሰጣለሁ። ጠዋት ደውሉ፣ ከሰዓት በኋላ ግራይንደሩ ስለሚጮህ አይሰሙም።