ፒሲ ፓርት ፒከር፦ በአነስተኛ በጀት የጌም ኮምፒውተር ለሚገጥም ሰው ምን ያህል ይታመናል?

ፒሲ ፓርት ፒከር ኮምፒውተሩን ራሱ መግጠም የፈለገ ሰው፣ ገንዘቡን ከማውጣቱ በፊት፣ የመረጣቸው ዕቃዎች እርስ በርሳቸው መጣጣማቸውን የሚያይበት ነጻ ድረ ገጽ ነው። አሜሪካ ወይም ጀርመን የሚኖር ገዢ ቢሳሳት ዕቃውን መልሶ ገንዘቡን ይቀበላል፤ አዲስ አበባ ላለው ገዢ ግን ማዘርቦርዱ ብዙ ጊዜ ከዱባይ ወይም ከዋሽንግተን በዘመድ ሻንጣ፣ ያውም ተለምኖ፣ የሚመጣ በመሆኑ አንዴ ከደረሰ በኋላ «አይገጥምም» ቢባል የሚመለስበት መንገድ የለም። ስለዚህ አገልግሎቱ ከሚያካትታቸው አገሮች መካከል ኢትዮጵያ ባትኖርም፣ ከማንም በላይ የሚጠቅመው እዚህ ላለው ሰው ነው ብል ማጋነን አይሆንም። ይሁን እንጂ በዝርዝሩ አናት ላይ የሚታየው፣ የመጣጣም ችግር እንዳልተገኘ የሚናገረው አረንጓዴ መስመር የትኛውን ጥያቄ እንደሚመልስ፣ የትኛውን ደግሞ እንደማይነካ ለይቶ ማወቅ ያስፈልጋል።

ለግምገማው የተጠቀምኩበት ዝርዝር በዝቅተኛ በጀት ዛሬም ሚዛን የሚደፋው የኤኤምዲ ኤኤም4 (የፕሮሰሰር መሰኪያ ዓይነት) ስብስብ ነው፦ ራይዘን 5 5600 ፕሮሰሰር፣ ቢ550 ቺፕሴት (የማዘርቦርዱን ሥራ የሚያስተባብር ቺፕ) ያለው አነስተኛ ማዘርቦርድ፣ 16 ጊጋባይት ዲዲአር4 ራም፣ ራዲዮን አርኤክስ 6600 ግራፊክስ ካርድ፣ አንድ ኤንቪኤምኢ ኤስኤስዲ የተባለ ፈጣን ማከማቻና 550 ዋት ፓወር ሰፕላይ። ፕሮሰሰሩ እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 2022 የወጣ፣ 6 ኮርና 12 ትሬድ ያለው፣ በ65 ዋት የሚሠራና ማቀዝቀዣው አብሮት በካርቶኑ ውስጥ የሚመጣ ነው። ተከታዩ ኤኤም5 የሚቀበለው ዲዲአር5 ራም ብቻ ስለሆነ፣ በጀቱ ጠባብ ለሆነ ሰው እስካሁን አልመክረውም።

አሠራሩ ቀላል ነው። ፕሮሰሰሩን ከመረጡ በኋላ ወደ ማዘርቦርድ ሲሄዱ፣ ማጣሪያው የማይጣጣሙትን ራሱ ደብቆ የሚሆኑትን ብቻ ያሳያል። ይህ ማጣሪያ ዋጋው የሚታወቀው ያገለገሉ ዕቃዎችን በሚያገላብጥ ሰው ዘንድ ነው። ለአብነት የኢንቴልን ኤልጂኤ 1151 ሶኬት (የፕሮሰሰር መሰኪያ) እንውሰድ። የ6ኛና የ7ኛ ትውልድ ፕሮሰሰሮችም፣ የ8ኛና የ9ኛ ትውልድ ፕሮሰሰሮችም በዚሁ ስም ይጠራሉ፤ የፒናቸው ቁጥርም አንድ ነው። ሆኖም የ100 እና የ200 ተከታታይ ቺፕሴት ያላቸው የቆዩ ማዘርቦርዶች ኮር አይ5 9400ኤፍን አያስነሱም። ሻጩ «ሁለቱም 1151 ናቸው» ብሎ ቢምል ውሸት አልተናገረም፤ ኮምፒውተሩ ግን አይነሳም። የኤልጂኤ 1700 ማዘርቦርዶችም እንዲሁ ናቸው፤ ስማቸው ከመጨረሻዋ ፊደልና ቁጥር በቀር አንድ ሆኖ ሳለ፣ አንዱ ዲዲአር4 ሌላው ዲዲአር5 ይቀበላል። ፒሲ ፓርት ፒከር እንዲህ ያለውን ነገር ከአብዛኛው ነጋዴ በተሻለ ያውቀዋል።

ከዝርዝሩ በታች የሚወጡት ማስታወሻዎች ግን መነበብ አለባቸው። ራይዘን 5 5600ን ከቢ550 ማዘርቦርድ ጋር ሲያጣምሩ፣ አንዳንድ ማዘርቦርዶች አስቀድሞ የባዮስ (ኮምፒውተሩን የሚያስነሳው የማዘርቦርዱ ፕሮግራም) ማሻሻያ ሊያስፈልጋቸው እንደሚችል ይገልጻል። ቢ550 የወጣው እ.ኤ.አ. በ2020 አጋማሽ፣ 5600 ካለበት ከራይዘን 5000 ተከታታይ ቀደም ብሎ ስለሆነ፣ መጋዘን ውስጥ የቆየ ማዘርቦርድ አዲሱን ፕሮሰሰር ላያውቀው ይችላል፤ ከእሱ በሚቀድመው በቢ450 ላይ ደግሞ ችግሩ ይበልጥ ያጋጥማል። መፍትሔው ከኋላ በኩል ከዩኤስቢ ቀዳዳዎቹ አጠገብ የባዮስ ፍላሽባክ ቁልፍ ያለውን መምረጥ ነው፤ በፍላሽና በፓወር ሰፕላይ ብቻ፣ ያለ ፕሮሰሰር፣ ባዮሱን ማደስ ይቻላል። ይህ ቁልፍ የሌለውን ማዘርቦርድ የሚገዛ ሰው፣ ማዘርቦርዱ የሚያውቀውን የቆየ ፕሮሰሰር (ለቢ550 ለምሳሌ ራይዘን 5 3600) ይዞ ባዮሱን የሚያድስለት ባለሙያ አስቀድሞ ቢያገኝ ይሻለዋል።

አረንጓዴው መስመር ዋናውን ነገር የሚዘለው ግራፊክስ ካርድ ላይ ነው። አርኤክስ 6500 ኤክስቲ ርካሽ በመሆኑ ብዙ ወጣቶች ይመኙታል፤ ከቢ450 ማዘርቦርድ ጋር ሲደረግም አገልግሎቱ ምንም እንከን የለውም ይላል። በእርግጥም ካርዱ ይገባል፣ ምስልም ይሰጣል። ነገር ግን ይህ ካርድ ከማዘርቦርዱ ጋር የሚነጋገረው በ4 መስመር ብቻ ሲሆን፣ የተሠራው እነዚያ መስመሮች በፒሲአይኢ (ካርዱ ከማዘርቦርዱ ጋር የሚገናኝበት መተላለፊያ) 4.0 ፍጥነት እንዲሄዱ ታስቦ ነው። ቢ450 የሚሰጠው ፒሲአይኢ 3.0 ስለሆነ መተላለፊያው በግማሽ ይጠባል፤ ካርዱ ያለው 4 ጊጋባይት ማህደረ ትውስታ ብቻ በመሆኑ ደግሞ፣ ጌሙ ከዚያ በላይ በጠየቀ ቁጥር ወደ ዋናው ራም መመላለስ ግድ ይሆናል፤ ያን ጊዜ ምስሉ መንተባተብ ይጀምራል። አርኤክስ 6600 በአንጻሩ 8 መስመርና 8 ጊጋባይት ስላለው በአሮጌ ማዘርቦርድ ላይ እንኳ የሚያጣው ጥቂት ነው።

ሌላው የተሰወረ ወጥመድ ፕሮሰሰሩ ነው። ራይዘን 5 5600ጂ እና ራይዘን 5 5500 ስማቸው ከ5600 ጋር ቢቀራረብም ሁለቱም የሚሠሩት በፒሲአይኢ 3.0 ሲሆን፣ የኤል3 ካሻቸውም (በፕሮሰሰሩ ውስጥ ያለው ፈጣን ማህደረ ትውስታ) ከ32 ወደ 16 ሜጋባይት የወረደ ነው። ስለዚህ ለቢ550 ተጨማሪ ገንዘብ ከፍሎ 5600ጂን የሚሰካበት ሰው፣ የግራፊክስ ካርዱ 4.0 ፍጥነት ያገኛል ብሎ ከሆነ በከንቱ ከፍሏል። 5600ጂ የሚያዋጣው ካርዱን ለጊዜው ትቶ በውስጡ ባለው ግራፊክስ ለመጀመር ለሚያስብ ነው፤ ተራው 5600 ያለ ግራፊክስ ካርድ ምንም ምስል አይሰጥም።

ስለ ራም ብዙ የሚባል የለም። አገልግሎቱ አንድ ባለ 16 ጊጋባይት ራምንም ሁለት ባለ 8 ጊጋባይት ራሞችንም እኩል ይቀበላል፤ ለጌም ግን ሁለቱ ይሻላሉ። አራት ማስገቢያ ባለው ማዘርቦርድ ላይ ከፕሮሰሰሩ ሲቆጠር 2ኛውና 4ኛው ላይ ይሰካሉ፤ ከዚያም ባዮስ ውስጥ ገብቶ ራሙን በተገዛበት ፍጥነት የሚያሠራውን ኤክስኤምፒን ማብራት ነው። ይህ ካልተደረገ በ3200 ፍጥነት የተገዛው ራም በ2133 ወይም በ2400 ሲያዘግም ይኖራል።

የኤሌክትሪክ ፍጆታ ግምቱ ጠቃሚ ነው፤ ከላይ የጠቀስኩት ስብስብ ከ300 ዋት በታች ይወጣል፤ አርኤክስ 6600 ብቻውን 132 ዋት ይወስዳል። ሆኖም ድረ ገጹ የሚያወራው ስለ ዋት እንጂ ስለ አገራችን መብራት አይደለም። ዘመናዊ ፓወር ሰፕላይ አብዛኛውን ጊዜ ከ100 እስከ 240 ቮልት በራሱ ያስተካክላል፤ ርካሽ ከሆኑት አንዳንዶቹ ግን ከኋላ፣ ከገመዱ መሰኪያ ጎን፣ 115 እና 230 የሚል ጽሑፍ ያለበት ትንሽ ቀይ ማዞሪያ አላቸው። ከአሜሪካ የመጣው 115 ላይ ተደርጎ ሊሆን ስለሚችል፣ በ220 ቮልት ላይ እንዲሁ ከተሰካ ወዲያው ይቃጠላል። ከዚህ ሌላ 80 ፕላስ የሚለው ምልክት የሚናገረው ስለ ኃይል ብክነት ብቻ ነው፤ መብራት መጣ ሄደ በሚልበት ሰፈር ማዘርቦርዱን አያድንም። የስታብላይዘር ወይም የዩፒኤስ ዋጋ ከመጀመሪያው በበጀቱ ውስጥ ቢያዝ ይመረጣል።

ስላሽ (ያገለገለ) የቢሮ ኮምፒውተር ገዝቶ ግራፊክስ ካርድ ለመጨመር ያሰበ ሰው ከዚህ አገልግሎት እምብዛም እርዳታ አያገኝም። በከተማችን ሱቆች ተደርድረው የምናያቸው ዴል ኦፕቲፕሌክስና መሰሎቻቸው ማዘርቦርዳቸውም ፓወር ሰፕላያቸውም በአምራቹ ልክ የተሠሩ ስለሆኑ ድረ ገጹ ሊመዝናቸው አይችልም። የብዙዎቹ ፓወር ሰፕላይ ከ300 ዋት በታች ነው፤ በአዳዲሶቹ ላይ ባለ 24 ፒን የተለመደው መሰኪያ የለም፤ ቀጭኑ ቅርጽ ደግሞ ቁመቱ አጭር የሆነ ካርድ ብቻ ያስገባል። ለእነዚህ ተጨማሪ የኃይል ገመድ የማይፈልገው ባለ 75 ዋቱ ጂቲኤክስ 1650፣ በአጭር ቁመት የተሠራው ዓይነት፣ ሁነኛ ምርጫ ነው።

በዋጋ በኩል ድረ ገጹ የሚያሳየው የውጭ ሻጮችን ዋጋ ነው፤ ገቢውም የሚመጣው ወደ ሻጮቹ በሚመራቸው ገዢዎች በኩል ነው። የአዲስ አበባን ዋጋ በዚያ መገመት አይቻልም፤ በተለይ ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ለውጥ ወዲህ የቀደመው ስሌት ሁሉ ፈርሷል። የዋጋ ታሪክ ግራፉ ግን ከውጭ ለሚያስመጣ ሰው ይጠቅማል፤ አንድ ካርድ በወራት ውስጥ ሲወጣና ሲወርድ ስለሚያሳይ ዘመድን መቼ ማስቸገር እንደሚሻል ይጠቁማል።

ዝርዝሩ ሲያልቅ የሚሰጠውን ሊንክ ዕቃውን ለሚያመጣው ሰው መላክ በስልክ ከማስረዳት ይበልጣል፤ አንዲት ፊደል የምትለያቸው ሁለት ማዘርቦርዶች በቃል ሲነገሩ ይምታታሉ። ራይዘን 5 5600ን ለሚያመጣ ሰው አንድ ነገር ቢጨመርለት ጥሩ ነው፦ የኤኤም4 ፕሮሰሰሮች ፒኖቻቸው ከራሳቸው ከፕሮሰሰሩ ሥር የተተከሉ ስለሆኑ፣ ሻንጣ ለማቅለል ተብሎ ካርቶኑ ቢጣል እንኳ ፕሮሰሰሩ ከፕላስቲክ ማቀፊያው መውጣት የለበትም።